ለልምምድ የሚያነሳሳው የትኛው ነው? ለጅማ ሯጮችና ስፖርተኞች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በጅማ ከተማ ሩጫ ወይም ሌላ መደበኛ የአካል ብቃት ልምምድ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በደረቁ ወራት፣ ከገና በዓል ማግሥት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት ጠዋቱ ቢቀዘቅዝም መንገዱ ደረቅ ነው፤ ከከተማው መሐል ተነሥቶ ወደ ጂሬን አቀበት የወጣ ሯጭም ጫማውን ጭቃ ሳይነካው ይመለሳል። ፈተናው የሚመጣው በኋላ ነው። የጅማ ዝናብ ሐምሌንና ነሐሴን ብቻ ጠብቆ የሚወርድ ሳይሆን ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እየበረታ ሄዶ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ የሚዘልቅ በመሆኑ፣ በጥር የተጀመረ ልምምድ በሰኔ መኖር አለመኖሩ የሚወሰነው ሰውየው በጥር በነበረው ሞቅታ አይደለም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ የተነጻጸሩት አማራጮች ሁሉ የተመዘኑት በአንድ መስፈርት ነው፤ ይኸውም ፍላጎት በሌለበት ቀን ሰውን ከቤት የማስወጣት አቅማቸው ነው።

ቀና አስተሳሰብ ከልምምድ በፊት መጥቶ ሰውን ወደ ሜዳ የሚገፋ ስሜት ነው ብሎ መጠበቅ ብዙዎችን አልጋ ላይ አስቀርቷል። በተግባር የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰው ወጥቶ ሲሠራ፣ ሲሻሻልና መሻሻሉን በዓይኑ ሲያይ ነው ስለ ራሱ ቀና ማሰብ የሚጀምረው። የሚከተሉት ንጽጽሮች የተጻፉት ይህን ቅደም ተከተል በመያዝ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ የሰነፈው ሐሳብ ነው ወይስ አካል?

ተነሳሽነት ጠፋ ተብሎ የሥነ ልቦና መፍትሔ ከመፈለጉ በፊት አካል መጠየቅ አለበት። ለሳምንታት የዘለቀ ድካም የደም ማነስ፣ በቂ ያልሆነ ምግብ፣ የእንቅልፍ እጦት ወይም ያልታከመ ወባ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ዝናቡ ካባራ በኋላ ባሉት ወራት በጅማ አካባቢ ያለ ሰው ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም እየተሰማው «ሰንፌያለሁ» ብሎ ራሱን ቢወቅስ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ከመጠን ያለፈ ልምምድም የራሱ ምልክቶች አሉት፦ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የሚቆጠረው የልብ ምት ከወትሮው ከፍ ብሎ መቆየት፣ እንቅልፍ መረበሽ፣ በትንሽ ነገር መቆጣት፣ ቀላል የነበረው ሶምሶማ መክበድ። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ዕረፍትና ምርመራ ነው። ምክርና ማበረታቻ ቢደመርለት የሚጨመርበት ሸክም ነው። ከታች ያለው ንጽጽር የሚጠቅመው ጤናው ለተጠበቀና ልምምዱ ልኩን ላላለፈ ሰው ነው።

የሩቅ ግብ ወይስ የዕለት ግብ?

አሠልጣኞች ግቦችን በሦስት ይከፍላሉ። የመጀመሪያው የውጤት ግብ ነው፤ ማሸነፍ፣ ለክለብ መመረጥ፣ ሜዳሊያ ማግኘት። ሁለተኛው የብቃት ግብ ነው፤ ለምሳሌ 5 ኪሎ ሜትርን ከ25 ደቂቃ በታች መግባት። ሦስተኛው የሂደት ግብ ሲሆን፣ በሳምንት አራት ቀን መውጣት፣ አቀበት ሲወጡ እርምጃን ማሳጠር፣ ከልምምድ በኋላ ሳይፍታቱ አለመቀመጥ የመሳሰሉት ናቸው።

ሦስቱ የሚለያዩት በዋናነት በማን ቁጥጥር ሥር እንዳሉ ነው። የውጤት ግብ በተፎካካሪው፣ በዳኛው፣ በአየሩና በዕድል ላይም ይመሠረታል፤ የሂደት ግብ ግን ከሞላ ጎደል በስፖርተኛው እጅ ነው። የውጤት ግብ አይናቅም፤ ሰው መጀመሪያ ጫማ የሚገዛው በሱ ምክንያት ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ሲያነሣ የከተማው ልጆች ኳስ ይዘው ወደ ሜዳ እንዲወጡ ለማድረግ ከዚህ የበለጠ ምን ማበረታቻ ይኖራል? ሆኖም የውጤት ግብ ብቻውን ሲሆን ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፦ ግቡ ሲርቅ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፣ ግቡ ሲሳካ ደግሞ በማግሥቱ የሚነሣበት ምክንያት ያጣል።

የታምራት ቶላ ታሪክ ይህን ልዩነት ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ በማራቶን ከተመረጡት ሦስት ኢትዮጵያውያን ወንዶች መካከል አልነበረም፤ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ሲወጣ ተተክቶ ገባና በ2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። ጥሪው በመጨረሻው ሰዓት ሲመጣ ለ42 ኪሎ ሜትር የሚሆን አካል ተዘጋጅቶ መገኘቱ ነው ዋናው ቁም ነገር፤ ልምምዱ በመመረጥ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ቢሆን ኖሮ ሳይመረጥ በቀረ ዕለት ይቆም ነበር።

ስለዚህ የሚበጀው አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት ሳይሆን መጠኑን ማስተካከል ነው። አንድ የውጤት ግብ ለዓመት፣ አንድ የብቃት ግብ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የሂደት ግብ። ለአማተር ሯጭ ጥሩ የዓመት ግብ የሚሆነው በየዓመቱ በኅዳር ወር ገደማ አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። ነገር ግን ለዚህ ውድድር ከጅማ የሚዘጋጅ ሰው ዋናው የዝግጅት ጊዜው ነሐሴና መስከረም ላይ እንደሚወድቅ፣ ያም የጭቃ ወቅት እንደሆነ ከወዲሁ ማወቅ አለበት።

ሽልማት ወይስ የልምምዱ ደስታ?

አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ልምምድ እንዳያቋርጥ በየጊዜው ገንዘብ ወይም ዕቃ ቃል ይገባሉ፤ አንዳንድ ጎልማሶችም አንድ ወር ከሠሩ ለራሳቸው ስጦታ ይገዛሉ። ይህ መንገድ ለማስጀመር ይሠራል። ኤድዋርድ ዴሲ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት ግን፣ ደስ የሚል የእንቆቅልሽ ጨዋታ እንዲሠሩ ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቀር በትርፍ ጊዜያቸው ለጨዋታው ያላቸው ፍላጎት ቀንሶ ተገኝቷል። ገንዘቡ ደስታውን ተክቶት ስለነበር ገንዘቡ ሲሄድ የሚቀር ነገር አነሰ ማለት ነው። ዴሲ ከሪቻርድ ራያን ጋር በኋላ ባዳበረው ንድፈ ሐሳብ ሰው በራሱ ፈቃድ ጸንቶ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች መሟላት እንዳለባቸው ይገለጻል፦ ምርጫው የራሱ እንደሆነ መሰማት፣ ችሎታው እያደገ መሆኑን ማየት፣ ከሌሎች ጋር የተሳሰረ መሆን።

በተግባር ሲታይ ወላጁ ለልጁ ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ «ዛሬ ወደ ስታዲየም ትሄዳለህ ወይስ ወደ ቦዬ መንገድ?» ብሎ ቢያስመርጠው የመጀመሪያውን ያሟላል። አሠልጣኙ የትናንቱንና የዛሬውን ሰዓት አነጻጽሮ ቢነግረው ሁለተኛውን፤ አብሮት የሚሮጥ ጓደኛ ቢኖረው ሦስተኛውን። የልፋት ዋጋ ያለው ሽልማት ግን ከዚህ ይለያል። ለአንድ የገጠር ወጣት አትሌቲክስ የቤተሰብ መተዳደሪያ ሊሆን እንደሚችል የማያውቅ የለም፤ እንዲህ ያለውን ወጣት «ለገንዘብ አትሩጥ» ብሎ መምከር የኑሮን ክብደት አለማወቅ ነው። ከእሱ የሚጠበቀው የሽልማቱን ሐሳብ ለውድድር ቀን አቆይቶ የልምምዱን ቀን በልምምዱ መለኪያ መመዘን ነው።

መልካሙን ማለም ወይስ እንቅፋቱን ማቀድ?

ከሁሉም ንጽጽሮች ይህኛው ይበልጥ ዝርዝር ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በከተማችን በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች የሚሰራጨው የማበረታቻ ንግግር አብዛኛው ያረፈው በመጀመሪያው አማራጭ ላይ ነው። ዓይንህን ጨፍን፣ ራስህን መድረክ ላይ እየው፣ የተሳካልህ ያህል ይሰማህ ይላል። ጋብሪኤሌ ኤቲንገን የተባሉት ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለረጅም ዓመታት ባደረጓቸው ጥናቶች ያሳዩት ግን፣ የወደፊቱን ስኬት በሐሳብ ብቻ ማጣጣም ለሥራው የሚያስፈልገውን ጉልበት ሊቀንስ እንደሚችል ነው። አእምሮ ያልተገኘውን ድል እንደተገኘ ቆጥሮ ይዝናናል። እሳቸው የሚመክሩት ምኞቱን ካሰቡ በኋላ ወዲያው ወደ ምኞቱ የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋውን እንቅፋት፣ በተለይም በራስ ውስጥ ያለውን እንቅፋት፣ አንሥቶ ፊት ለፊት ማየትን ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላው ስልት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ያጠኑት የ«እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ዕቅድ ነው። በዚህ ስልት ሰው «በሚቀጥለው ሳምንት እሮጣለሁ» ከማለት ይልቅ መቼ፣ የት እና በምን አኳኋን እንደሚሮጥ አስቀድሞ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታኒያ በተማሪዎች ላይ ተደርጎ በታተመ ጥናት፣ የሚሠሩበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ጽፈው ከወሰኑት መካከል 91 በመቶው በተባለው ሳምንት ልምምድ ሲያደርጉ፣ ስፖርት ለልብ ጤና ስላለው ጠቀሜታ የሚያበረታታ ጽሑፍ ብቻ ካነበቡት መካከል ይህን ያደረጉት 35 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምንም ያልተደረገለት ቡድን ውጤት 38 በመቶ ስለነበር፣ ማበረታቻው ለብቻው የጨመረው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። የአንድ ሳምንት ጥናት መሆኑ ባይዘነጋም ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ለጅማ ነዋሪ ዕቅዱ ምን ሊመስል ይችላል? ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ዝናብ እየወረደ ከሆነ ልምምዱ አይሰረዝም፤ በረንዳ ላይ ወይም ቤት ውስጥ የ25 ደቂቃ የጉልበት፣ የሆድና የጀርባ እንቅስቃሴ ይተካል። ዝናቡ ካባራ ግን የጭቃውን መንገድ ትቶ በአስፋልት ዳር ይሮጣል። ማታ ጫማው ረጥቦ ከገባ በጋዜጣ ወረቀት ተሞልቶ በጥላ ይደረቃል፤ ከሰል ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ጫማ ሙጫው ይለቃልና። ከሰዓት በኋላ ጓደኞች ጫት ላይ ከጠሩ ደግሞ መልሱ አስቀድሞ ተወስኖ ይቀመጣል። ይህ የመጨረሻው በአካባቢያችን ቀላል የማይባል እንቅፋት ነው፤ ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣው ሰው ማለዳ ላይ የሚያጣው ተነሳሽነት ምንጩ የት እንደሆነ ራሱ ያውቀዋል። ጥሪውን በሰዓቱ ለመመለስ የሚሞክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል፤ «ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ቀጠሮ አለኝ» የሚል አጭር መልስ ቀድሞ ያዘጋጀ ግን አይከራከርም።

እንግዲህ ሁለቱ ሲነጻጸሩ፣ ማለም የሚጠቅመው አቅጣጫ ለመምረጥ፣ በተለይም ዓመቱ ሲጀመር ነው። ለዕለት ተዕለቱ እንቅፋቱን ማቀድ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ከአምስት በላይ እንዲህ ያሉ ዕቅዶችን በአንድ ጊዜ መሸከም ግን አይመከርም፤ ደጋግመው የሚጥሉትን ሁለት ወይም ሦስት እንቅፋቶች ለይቶ ለእነሱ ብቻ ማዘጋጀት ይበቃል።

ብቻ መሮጥ ወይስ ከሰው ጋር?

ብቻውን የሚሮጥ ሰው ሰዓቱን፣ ፍጥነቱንና መንገዱን ራሱ ይመርጣል፤ ለሥራ በፈረቃ የሚገባ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ ወይም በባጃጅ ሥራ የሚተዳደር ሰው ከዚህ ውጭ አማራጭ ላይኖረው ይችላል። ችግሩ፣ መቅረቱን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። በቡድን የሚሮጥ ሰው በአንጻሩ ቢቀር ራሱን ብቻ ሳይሆን ሌሎችንም ይዋሻል፤ መዋሸት ስለሚያሳፍረውም ይወጣል። የቡድን ልምምድ የሚጸናው ዕቁብ በሚጸናበት ምክንያት ነው፤ ሰው ተራቸውን የሚጠብቁትን ሰዎች ፊት ያስባል።

ቡድን ግን የራሱ ጉዳት አለው፤ ብዙ መመሪያዎችም ይህን ይዘሉታል። ከእሱ በጣም ከሚፈጥኑ ጋር በየቀኑ የሚሮጥ ጀማሪ ቀላል መሆን የሚገባውን ልምምድ ሁሉ ወደ ውድድር ይለውጠዋል፤ ከወር በኋላ ጉልበቱ ይታመማል፣ በራሱ ላይ ያለው እምነትም ይወርዳል። በተቃራኒው ከሁሉም የሚፈጥነው በየጊዜው እየቆመ ሌሎችን መጠበቅ ይሰለቸዋል። አንዱ መፍትሔ በሳምንት ሁለት ቀን ከቡድን፣ የተቀረውን ብቻ መሥራት ነው። ሌላው፣ በዙር የሚሠራ ልምምድን ከቡድን ጋር ማድረግ ነው፤ በስታዲየም ዙሪያ ወይም በአንድ አቀበት ላይ ሁሉም በየአቅሙ ወጥቶ ወርዶ አንድ ቦታ ይገናኛል። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው የጂሬን አቀበት ለዚህ ዓይነቱ ልምምድ የተፈጠረ ይመስላል፤ የሚፈጥነው ሁለት ጊዜ ሲወጣ የሚዘገየው አንድ ጊዜ ይወጣና ታች አብረው ይፍታታሉ።

ለሴቶች ንጽጽሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ገና ሳይነጋ ብቻዋን የምትወጣ ሴት የምታስበው ስለ ፍጥነቷ ብቻ አይደለም፤ ስለ ለከፋውም፣ ስለ ጨለማውም፣ ስለ ውሾቹም ጭምር ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ያለችን ሴት «ተነሳሽነት ይጎድላታል» ብሎ መመደብ ፍርደ ገምድልነት ነው። ለእሷ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ መውጣት ከሁሉም የተነሳሽነት ስልቶች ይቀድማል፤ ይህ ካልተቻለ ደግሞ ልምምዱን ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ገደማ፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ማድረግ ይሻላል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በግቢ ውስጥ የሚመሠረት የሩጫ ቡድን ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ነው፤ ግን ፈተና ሲመጣ ይበተናል፣ ዕረፍት ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ወደየአገሩ ይሄዳል። ተነሳሽነቱ ሁሉ በቡድኑ ላይ ያረፈ ተማሪ ክረምቱን ሁሉ ሳይሮጥ ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ብቻውን የመሮጥን ልማድ በግቢ ሳለ መያዝ አለበት።

በልምምድ መሐል፦ ራስን ማበረታታት ወይስ ራስን ማስተማር?

ሰው ሲደክመው ለራሱ የሚናገረው ነገር በውጤቱ ላይ ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ አንድ ጥናት፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ለራሳቸው የሚያበረታታ ንግግር መናገርን የተለማመዱ ሰዎች እስኪደክማቸው ድረስ ብስክሌት የገፉበት ጊዜ በ18 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ይሁንና ንግግሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። «አይዞህ፣ ትችላለህ» የሚለው ብርታትን ለሚጠይቅ ሥራ፣ ለምሳሌ ለአቀበት ወይም ለመጨረሻው ዙር ይስማማል። «ትከሻህን ልቀቅ፣ ክንድህን ወደ ኋላ ሳብ» የሚለው አስተማሪ ንግግር ደግሞ ጥንቃቄ በሚጠይቅ እንቅስቃሴ፣ በኳስ ምት፣ በመሰናክል ዝላይ ወይም በክብደት ማንሣት ላይ ይበልጣል። ሙዚቃም በሶምሶማ ላይ ድካምን ያስረሳል፤ ባጃጅና ሲኖትራክ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ግን ሁለቱንም ጆሮ መድፈን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ደብተር ወይስ ስልክ?

የሩጫን ርቀትና ፍጥነት የሚመዘግቡ የስልክ መተግበሪያዎች ትክክለኛነታቸውና ምቾታቸው አያጠያይቅም። የተነሳሽነት ጉዳይ ሲሆን ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ መተግበሪያው ራስን ከትናንቱ ራስ ጋር ያነጻጽራል ወይስ ከሌላው ሰው ጋር? የሌላውን ሰዓት በየቀኑ እያዩ መሮጥ ለአንዳንዱ እልህ ሲሆን ለአብዛኛው ጀማሪ ግን የመሰላቸት መንገድ ነው። የጅማ ሯጭ ራሱን ከበቆጂ ልጆች ጋር ሲያነጻጽር ይህ በግልጽ ይታያል። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡባት የበቆጂ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን ጅማ ከዚያ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ዝቅ ትላለች። ወጣቱ ይህን ሲሰማ «እኛ አንችልም» ይላል። ይሁንና 1,700 ሜትርን ያለፈ ከፍታ ለማንኛውም አማተርም ሆነ ለወጣት ተወዳዳሪ ጥሩ መሠረት የሚጣልበት ነው፤ የከፍታው ልዩነት ሳይሆን ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘለሉት ሳምንታት ናቸው ብዙውን ልጅ ወደ ኋላ የሚያስቀሩት።

በዚህ ምክንያት ለጀማሪ ደብተር ይመረጣል። በአንድ መስመር ቀኑ፣ የተሠራው ልምምድ፣ ርቀቱ ወይም ደቂቃው፣ ከ1 እስከ 10 የድካም መጠኑ ይጻፋል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን መጻፉ ራሱ ሸክም ይሆናል። ሰዓቱ ከወር ወር እየተሻሻለ መሆኑን ያየ ሰው ማንም ሳያበረታታው ይቀጥላል። ስልኩ የሚጠቅመው ለብቃት ግብ ደረጃ የደረሰና በሰዓት የሚሮጥ ሰውን ነው፤ ያኔም ቢሆን የሌሎችን መረጃ የሚያሳየውን ክፍል መዝጋት ይቻላል።

ደብተሩ ባዶ መስመር ሲያሳይስ? በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እነ ፊሊፓ ላሊ የልማድን አፈጣጠር ባጠኑበት ሥራ፣ አንድ ድርጊት ሳይታሰብበት የሚሠራ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ሊደርስ እንደሚችል ተገምቷል። በዚሁ ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን በሚታይ ሁኔታ አላበላሸውም። «ሰኞ ስላመለጠኝ ሳምንቱ ተበላሽቷል፤ በሚቀጥለው ሰኞ እጀምራለሁ» የሚለው አነጋገር ስለዚህ መሠረት የለውም። ማክሰኞ አለ።

በጾም፣ በረመዳንና በቡና ወቅት፦ ማቆም ወይስ መቀነስ?

በጅማ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት የልምምድ መርሐ ግብር መያዝ የሚችል ሰው ጥቂት ነው። በረመዳን ፀሐይ እስክትጠልቅ ምግብም ውኃም የለም፤ በዐቢይ ጾም ምሳ ይዘገያል፣ የእንስሳት ተዋጽኦም ይቀራል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ በቡና ለቀማና ንግድ ላይ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ፋታ ያጣል። ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው እስኪያልፍ ሙሉ በሙሉ ማቆም ነው፤ ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ከአንድ ወር በኋላ መመለስ እንደ አዲስ ከመጀመር አይተናነስም። ሁለተኛው ድግግሞሹን ጠብቆ መጠኑን መቀነስ ነው። አራት ቀን ይወጣ የነበረ ሰው አራት ቀን ይወጣል፣ ግን ከ50 ደቂቃ ወደ 20 ዝቅ ይላል። የመውጣት ልማዱ ሳይሰበር ስለሚቆይ ሁለተኛው በግልጽ ይበልጣል።

በረመዳን የሚጾም ስፖርተኛ ቀላል እንቅስቃሴን ከኢፍጣር በፊት ባለው የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት ማድረግ ይችላል፤ ወዲያው ውኃና ምግብ ስለሚያገኝ። ጠንከር ያለውን ከኢፍጣር አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ያደርገዋል፤ ቀትር ላይ መሮጥ ግን መተው አለበት። በዐቢይ ጾም የሚሮጥ ደግሞ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ማብዛት፣ ጠንካራውን ልምምድ ደግሞ ወደ መመገቢያው ሰዓት ማስጠጋት ይበጀዋል።

መጽናት ወይስ ስፖርቱን መቀየር?

አንዳንድ ጊዜ የተነሳሽነት መጥፋት ትክክለኛ መልእክት ይዟል፤ ሰውየው የመረጠው ስፖርት ወይም ርቀት ለእሱ አይሆንም ማለት ነው። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የተወዳደረችው በ800 ሜትር ነበር። ወደ ጎዳና ሩጫ ተሻግራ እ.ኤ.አ. በ2023 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ የወቅቱን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሽላለች። በ800 ሜትር ላይ ብቻ መጽናትን እንደ ብቸኛ ጀግንነት ብትቆጥረው ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

መቼ እንደሚጸና፣ መቼ እንደሚቀየር ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይረዳሉ። ለሁለት ሳምንት በደንብ አርፎ ሲመለስ ፍላጎቱ ተመልሷል? ከሆነ ችግሩ ድካም ነበርና ይጽና። ደብተሩ ውስጥ ላለፉት ሦስት ወራት መሻሻል አለ? መሻሻል እያለ የጠላው ከሆነ የጠላው ስፖርቱን ሳይሆን ሰዓቱን፣ ቡድኑን ወይም አሠልጣኙን ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የሚቀየረውም እሱ ነው። ሕመሙ በአንድ ቦታ ላይ እየተመላለሰ ነው? ከሆነ ሐኪም ያየው፤ እስከዚያው ከሩጫ ይልቅ ብስክሌት ወይም ፈጣን የእግር ጉዞ ይተካ። ሦስቱንም ጠይቆ ልቡ አሁንም ወደ ሌላ ስፖርት የሚያዘነብል ሰው፣ በተለይ ከ16 ዓመት በታች ያለ ታዳጊ፣ ያለ ነቀፋ ሊፈቀድለት ይገባል፤ በሩጫ ያገኘው ትንፋሽ በመረብ ኳስም ሆነ በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ይከተለዋል።